አረንጓዴዋ መብራት ትበራ ነበር

የምንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 1፥9-18



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መገናኛ ሬዲዮ ነው። አዎ፣ አስተናጋጆቻችን እሑድ እሑድ ወገባቸው ላይ ሰክተው ስለሚዞሩት፣ ብዙዎቻችሁ "ዎኪ ቶኪ" ስለምትሉት ዕቃ። ይህን ታሪክ ከመድረክ ልናገረው አስቤ ሁለት ጊዜ ተውኩት። እኔን የሚያስመሰግን ታሪክ አይደለምና አፈርኩ። ነገር ግን ጌታ ያስተማረኝን ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ጻፍኩት። ምናልባት ከእናንተ መካከል በቤቱ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ያለበት ይኖር ይሆናል።

አጥቢያችን ልደታ ውስጥ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ናት። ግቢያችን ጠባብ ነው። እሑድ ጠዋት ሁለት ፕሮግራም አለን፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ሁለተኛው ሲገባ በሩ ላይ የሚፈጠረውን ግፊያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሕፃን ከእናቱ ይለያል፣ መኪና መንገድ ይዘጋል፣ አረጋውያን ደረጃው ላይ ይቸገራሉ። ስለዚህ የአስተናጋጆች ኅብረት ስድስት መገናኛ ሬዲዮ እንዲኖረን ጠየቀ። በአገራችን ይህ ዕቃ እንደ ሞባይል ከሱቅ ገዝተው የሚይዙት አይደለም፤ ፈቃድ ይጠይቃል። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኮሚቴያችን ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ተመላልሶ ጉዳዩን ጨረሰ፤ ሬዲዮዎቹም መጡ።

በመጀመሪያው እሑድ፣ ጉባኤው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በጸጥታ በሚጸልይበት ሰዓት፣ ከበሩ አጠገብ ከቆመው ወንድም ወገብ ላይ "ፌሮው ወጣ ወይስ አልወጣም?" የሚል ድምፅ አንባረቀ። ልጆቹ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ድምፁ የመጣው በሰፈራችን ሕንፃ ከሚገነቡ ሰዎች ነበር። የሬዲዮ መስመር ውስን ስለሆነ አንዱን ፍሪኩዌንሲ ብዙዎች የሚጋሩበት ጊዜ አለ፤ እኛና እነርሱ አንድ ላይ ገጥመን ኖሯል። በሁለተኛው እሑድ ሲሚንቶ፣ በሦስተኛው እሑድ ደግሞ ምሳ ያላመጣ ሰው ጉዳይ ከስብከቴ ጋር ተቀላቀለ።

ከወጣቶቻችን መካከል ሥራው የሬዲዮና የድምፅ መሣሪያ ጥገና የሆነ ወንድም አለ። "ፓስተር፣ ይህ ቀላል ነው፤ ቶን እናስገባበታለን" አለኝ።

ዝም የሚያሰኘው በር

ቅዳሜ ማታ ቢሮዬ መጥቶ ሬዲዮዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ሻይ እየጠጣን እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። እኔ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፤ ስለ ሞገድ የማውቀው ነገር አልነበረም። እርሱ ግን እንደ ጥሩ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ከሥሩ ጀመረልኝ።

መጀመሪያ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ሬዲዮው "ሽሽሽሽ" አለ፤ ዘይት ሲጠበስ እንደሚሰማው ዓይነት የማያቋርጥ ድምፅ። "ይህ የማንም ንግግር አይደለም" አለኝ። ማንም ሳይናገር ሲቀር ተቀባዩ ሬዲዮ በአየር ላይ ያለውንና ከራሱ የውስጥ ክፍል የሚነሣውን ሁከት አጉልቶ ያሰማል። ይህን ቀኑን ሙሉ መስማት ሰውን ስለሚያሰለች ሬዲዮው ውስጥ "ስኩዌልች" የሚባል በር ተሠራ። ሁከቱ ብቻ ሲኖር በሩ ድምፅ ማጉያውን ይዘጋዋል፤ እውነተኛ ሞገድ ሲመጣና ሁከቱ ሲቀንስ ይከፍተዋል። በሩን በጣም ካጠበቁት ግን ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ድምፅም አብሮ ይቀራል።

"ይህ በር ግን የማን ድምፅ እንደመጣ አያውቅም" አለኝ። የእኛ አስተናጋጅም ሆነ የግንበኛው ፎርማን ሲናገር በሩ ለሁለቱም ይከፈታል። ስለዚህ ሌላ ብልሃት ተጨመረ። አንድ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ሲጫን ሬዲዮው ከንግግሩ ሥር ዝቅ ያለ፣ ወጥ የሆነ ቃና አብሮ ይልካል። ባለሙያዎች ሲ.ቲ.ሲ.ኤስ.ኤስ ይሉታል፤ በተለምዶ "ቶን" ነው። እነዚህ ቃናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ67 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው መካከል ናቸው። ከደጃፋችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም የምትሰሙት ድምፅ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ቶኑም በዚያ ዓይነት ወፍራም ድምፅ ክልል ውስጥ ነው። ተቀባዩ ሬዲዮ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን አጣርቶ ስለሚያስቀረው ጆሯችን ንግግሩን እንጂ ቶኑን አይሰማም። ሬዲዮው ግን ይሰማዋል። የተነገረውን ቶን ካገኘ በሩን ይከፍታል፤ ካላገኘ ንግግሩ የቱንም ያህል ጥርት ብሎ ቢደርስ በሩ እንደተዘጋ ይቆያል።

የእኛን 88.5 ላይ አደረገው። በማግሥቱ እሑድ ፌሮም ሲሚንቶም አልተሰማም። "ጌታ ይባርክህ፣ ግንበኞቹን አባረርክልን!" አልኩት።

ወጣቱ ፈገግ ብሎ የተናገረውን ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላልኩትም። "ፓስተር፣ አልተባረሩም። እንዳሉ ናቸው። የማንሰማቸው እኛ ነን።"

ሁለት ነገር ደግሞ አስጠነቀቀን። አንደኛ፣ ቶን ምስጢር አይጠብቅም። በአንዳንድ ሬዲዮዎች መመሪያ ላይ የግል መስመር እንደሚሰጥ ተደርጎ ቢጻፍም፣ ቶኑን ያጠፋ ሰው ሁሉ እኛን ይሰማናል። ሁለተኛ፣ ቶን መስመሩን የእኛ ብቻ አያደርገውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ አብዛኛውን ጊዜ ብርቱው ሞገድ ደካማውን ይውጠዋል። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት "ሞኒተር" የምትባለውን ቁልፍ ተጭነን፣ በሩን ከፍተን፣ መስመሩ ላይ ሰው አለመኖሩን እንድንሰማ ነገረን። "እነርሱ ክሬን የሚያንቀሳቅሱት በሬዲዮ እየተነጋገሩ ነው። እናንተ ሳትሰሙ ብትናገሩባቸው 'አቁም' የሚለው ቃል ላይደርስ ይችላል" አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያን ቁልፍ የሚጫን አንድም ሰው አልነበረም።

ያቺ እሑድ

ቶን የገባባቸው አምስቱ ሬዲዮዎች ነበሩ። ስድስተኛው በዚያ ሰሞን ጥገና ላይ ነበር፤ ከጥገና ሲመለስ ማንም ሳያስተካክለው ቢሮ ተቀመጠ። አንድ እሑድ የኋላውን በር የሚጠብቀው ወጣት አስተናጋጅ የእርሱ ሬዲዮ ባትሪ አልቆበት ያን ስድስተኛውን ይዞ ወጣ። ከፈተው፤ የሁላችንም ድምፅ በደንብ ተሰማው። "ይሠራል" ብሎ ወደ ቦታው ሄደ።

ሁለተኛው ፕሮግራም ሊጀመር ሲል አንዲት እናት ከኋላው ደረጃ ላይ ወደቁ። ስኳር ያለባቸው ናቸው። ጠዋት መድኃኒታቸውን ወስደው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ "ከፕሮግራም በኋላ እበላለሁ" ብለው መጥተዋል። ወጣቱ ራሳቸውን በክንዱ ደግፎ፣ በሌላ እጁ ሬዲዮውን ይዞ ተጣራ። መልስ የለም። ደገመ። መልስ የለም። እርሱ ግን እኛን ይሰማል፤ የእርሱ ሬዲዮ ቶን ስለማይጠብቅ ለሁሉም ክፍት ነበር። ዲያቆናቱ የእንግዳ መኪና የት እንደሚቆም ሲነጋገሩ፣ አንዱ ሲቀልድ፣ ሌላው ሲስቅ ይሰማል። እርሱ "እባካችሁ፣ ሰው ወድቋል" ይላል፤ እኛ ስለ መኪና እናወራለን።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በዚያች ሰዓት ቢሮዬ ውስጥ ስብከቴን እያየሁ ነበር። አንዱ ሬዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች፤ በመስመሩ ላይ ሞገድ ሲደርስ፣ ቶኑ ቢስማማም ባይስማማም ትበራለች። ያቺ መብራት በራች፤ ጠፋች፤ እንደገና በራች። ድምፅ የለም። በዓይኔ አየኋት። "ግንበኞቹ ናቸው" ብዬ ገጹን ገለጥኩ።

በመጨረሻ ወጣቱ በዚያ ያልፍ የነበረ የሰንበት ትምህርት ልጅ ሮጦ እንዲጠራን ላከ። በጉባኤው ነርስ የሆነች እህት ነበረችና ደረሰች፤ ራሳቸውን ገና ፈጽመው ስላልሳቱ ስኳር በውኃ በጥብጣ ሰጠቻቸው፤ በአንድ ወንድም መኪናም ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል። ዛሬም ከፊተኛው ወንበር አይቀሩም፤ አሁን ግን ቁርሳቸውን በልተው ነው የሚመጡት።

ከሰዓት በኋላ ያን ወጣት ቢሮዬ አስጠራሁት። ተቆጥቷል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። አንገቱን ደፍቶ ነበር። "ፓስተር፣ እኔን የናቃችሁኝ መስሎኝ ነበር። እናንተን ግን ሁላችሁንም እየሰማሁ ነበር" አለኝ።

ስለ ሬዲዮ አሠራር ያወቅኩትን ልነግረው ጀመርኩ፤ ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ማስረዳት የፈለግኩት ራሴን ነጻ ለማውጣት ነበርና። "ይቅር በለን፤ መብራቷን አይቻት ነበር" አልኩት።

በቤቴ የበራው መብራት

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ውኃ ልጠጣ ብነሣ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ብርሃን አየሁ። ልጄ ነበር። ከዚያ በፊትም በዚያ ሰዓት መብራቱ በርቶ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ "ያጠናል" ብዬ እመለስ ነበር።

ስለ ልጄ የምጽፈው በፈቃዱ ነው። ስጠይቀው "ጻፈው አባ፣ ስሜን ብቻ አትጥራ" ብሎኛል።

ልጄ ከሦስት ዓመት በፊት መዝሙር ያገለግል ነበር፤ ከዚያ ተወ። እኔም ስለ አገልግሎት፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ጸሎት ሲያወራ ጆሮዬ የሚከፈት፣ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ የሚዘጋ አባት ሆኜ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን "አባ፣ ማታ ጊዜ አለህ?" አለኝ። "የሽማግሌዎች ስብሰባ አለኝ" አልኩት። "ምንም አይደል" አለ። ሌላ ቀን እራት ላይ "ጸሎት የሚሠራ አይመስለኝም" ብሎ ተናገረ። እኔ የሰማሁት የእምነት ድክመት ነው፤ ስለዚህ አርባ ደቂቃ አስተማርኩት። ከዚያ ቃል በስተጀርባ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም። ከትምህርቱ በኋላ ሳህኑን አንሥቶ ወጣ።

ያን ሌሊት ግን በሩን ገፋሁና ገባሁ። ከፊቱ መጽሐፍ አልነበረም። ሻዩ ቀዝቅዟል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ምንም አላልኩም። ወገኖቼ፣ ለሰባኪ ዝም ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ ልትገምቱ አትችሉም። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ብዙ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ፣ "አባ፣ ትምህርቱን ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ" አለኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ "እግዚአብሔር ይከተልህ" እያልኩ እሸኘው ነበር። ውጤቱ ወድቆ፣ ለእኔ መንገር አቅቶት፣ ቀኑን በመንገድና በታክሲ ሲያሳልፍ ከርሟል። "ለምን አልነገርከኝም?" ስለው ያ አስተናጋጅ የተናገረውን በሌላ ቃል ነገረኝ፦ "ነግሬህ ነበር እኮ። በአንተ ቋንቋ አልነበረም እንጂ።"

ዔሊ በበሩ አጠገብ

በማግሥቱ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን ከፍቼ አነበብኩ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ ሁልጊዜም በሐና በኩል ነው። ስለ ዕንባዋ፣ ስለ ስዕለቷ፣ ስለ ሳሙኤል። ያን ቀን ግን ዓይኔ ዔሊ ላይ ወደቀ።

ዔሊ የት እንደተቀመጠ አስተውሉ፤ በመቅደሱ መቃን አጠገብ፣ በበሩ ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያይ ሰው ነው። ሐና ስትጸልይም አላየኋትም አይልም፤ አፏን ይመለከት ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። መብራቷ ትበራለች፤ ሬዲዮው ዝም ብሏል! ካህኑ ይህን አይቶ ምን ደመደመ? ሰክራለች አለ። ልክ እንደ እኔ "ግንበኞቹ ናቸው"። በሴሎ ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ ጸሎት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ የሚል ሰው፣ ከለመደው ቃና የወጣውን ጸሎት ስካር ብሎ ጠራው።

ዔሊን ግን በዚህ ብቻ አንተወው። ሐና ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን ስታስረዳው አልተከራከረም። "ታዲያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አትጸልይም ነበር?" ብሎ ስሕተቱን በእርሷ ላይ አልመለሰም። ቃሉን አነሣ፤ በሰላም እንድትሄድ ባረካት። እርሷም ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ በኋላ አላዘነም። ልብ በሉ፣ ፊቷ የበራው ልጁን ከመፅነሷ በፊት ነው። በእግዚአብሔር ፊት ነፍሷን አፍስሳለች፤ ካህኑም በመጨረሻ ሰምቷታል። አንዳንድ ሰው ችግሩ ገና ሳይፈታ ምግብ የሚበላው ሲሰማ ነው።

በመካከላችን የቤተ ክርስቲያን ቶን አለ። "እንዴት ነህ?" ስንባል "ጌታ ይመስገን" እንላለን። ዕዳ ያለበት "ጸልዩልኝ" ይላል፤ ትዳሩ የታመመ "ሸክም አለኝ" ይላል። በዚህ ቃና የተናገረ ሰው በሩ ይከፈትለታል። በሌላ ቃና የመጣስ? በቁጣ የመጣ፣ በጥያቄ የመጣ፣ በቀልድ የሸፈነ፣ ወይም ዝም ብሎ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከቡራኬው በፊት የሚወጣ? ሞገዱ ደርሷል። መብራቷ በርታለች። እኛ ግን "የእኛ አይደለም" ብለን ገጻችንን እንገልጣለን። ከሁሉ የሚከፋው እርሱ እኛን መስማቱ ነው። መዝሙራችንን፣ ማስታወቂያችንን፣ ሳቃችንን ሁሉ ይሰማል። የሚሰማን ሰው ሊሰማን እንደማንፈልግ አድርጎ ቢቆጥረን ይፈረድበታል?

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ቶን ክፉ ነገር ነው አላልኩም። ጌታችን በዮሐንስ 10 በጎቹ የእረኛውን ድምፅ ለይተው እንደሚያውቁና የእንግዳውን እንደማይከተሉ አስተምሯል። ብዙ ድምፅ በሚጮኽበት በዚህ ዘመን መለየት ያስፈልገናል። በጸሎት ጓዳም በሩን መዝጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን ማንን እንደምንከተል መለየት አንድ ነገር ነው፤ ማንን እንደምንሰማ መምረጥ ሌላ ነው። በጌታችን የተነገረው የሚከተሉትን ስለ መለየት ነው። የሚጮኸውን በርጤሜዎስን ዝም እንዲል የገሠጸው እኮ ሕዝቡ ነው፤ ኢየሱስ ግን ቆመ፣ አስጠራውም።

ቶን የማይገባባቸው መስመሮች

ያ የጥገና ባለሙያ ወንድማችን ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ነገር ነገረኝ። አውሮፕላን አብራሪዎችና የመቆጣጠሪያ ማማው የሚነጋገሩባቸው መስመሮች ቶን የላቸውም። የአደጋ ጥሪ የሚደረግበት 121.5 ሜጋ ኸርዝም የለውም፤ መርከበኞች የሚጠቀሙበት ቻናል 16ም የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሚሰጥም ሰው ቶን እስኪያስተካክል አይጠበቅም። ማንም ይሁን ማን ሲጣራ መሰማት አለበት።

ይህን ሲነግረኝ ስለ ሰፈራችን አሰብኩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። ዛሬ ማረፊያው ቦሌ ነው፤ በልደታ የሚያልፈው ባቡርና ታክሲ ነው። እኔ ግን ጸሎቴ አጥቢያችን እንደ ማረፊያ ማማ እንድትሆን ነው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ፣ በየትኛውም ድምፅ የተጣራ የሚሰማባት።

አባቴንም አሰብኩ። አባቴ አጭር ሞገድ የሚይዝ አሮጌ ሬዲዮ ነበረው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈተውን ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌልን የሚከታተል ሰው ነበር። ጣቢያው በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ሲወረስ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የአባቴን ዝምታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሲሼልስ ደሴቶች የሚተላለፈውን የፌባ ሬዲዮ የአማርኛ ፕሮግራም ይፈልግ ነበር። ድምፁ ከሁከት ጋር ይመጣል፤ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ጩኸቱ ያስጨንቀኝ ነበርና "አባባ፣ ይህን ሽሽታ ለምን አታጠፋውም?" አልኩት። "እርሱን ካጠፋሁት ቃሉም ይጠፋብኛል፤ ታገሥና ስማ" አለኝ።

ያን የመሰለ አባት ያሳደገኝ ሰው በራሴ ቤት ሽሽታውን ለማጥፋት ቸኮልኩ።

አሁን አጥቢያችን ሁለት ሥርዓት አላት። ስድስቱም ሬዲዮዎች እሑድ ጠዋት እርስ በርሳቸው ይፈተሻሉ፤ መስማት ብቻ ሳይሆን መሰማትም ይረጋገጣል። ከዚህም በላይ ቢሮ ያለው አንዱ ሬዲዮ ሁልጊዜ ቶን ሳይጠብቅ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ፌሮና ሲሚንቶ እንሰማለን። ይሁን። የተረኛው ሽማግሌ ሥራ መታገሥና መስማት ነው።

በቤቴ ደግሞ እሑድ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ከልጄ ጋር እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ስለ ኳስ ያወራል፤ አንዳንዴ ምንም አያወራም። ትምህርቱን በማታ ክፍለ ጊዜ እንደገና ጀምሯል። ወደ መዝሙር አልተመለሰም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ባለፈው ወር ግን "አባ፣ አንተ ስትጸልይ መልስ ሳታገኝ ቀርተህ ታውቃለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያን ሌሊት አላስተማርኩትም። መልስ ያላገኘሁባቸውን ጸሎቶች አንድ በአንድ ነገርኩት። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን።

ወገኔ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርግ። በአጠገብህ ካሉት መካከል መብራቱ የሚበራ፣ ድምፁ ግን የማይሰማህ ማን እንደሆነ ጌታን ጠይቀው። ከዚያ ሂድና ከአጠገቡ ተቀመጥ። ስትደርስ ወዲያው አትናገር። ሬዲዮ እንኳ ቁልፉን ተጭነህ ጥቂት ሳትቆይ ከተናገርክ የተቀባዩ በር እስኪከፈት የመጀመሪያ ቃልህ ይቆረጣል።

አንተ ደግሞ ይህን የምታነብ፣ የቤተ ክርስቲያንን ቋንቋ የማታውቅ፣ ወይም አውቀኸው የደከመህ ሰው ከሆንክ ይህን ልንገርህ። ምናልባት ተጣርተህ ያልሰማንህ እኛ ነን። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እግዚአብሔር ግን እንደ እኛ አይደለም። ሐና አንድም ቃል ሳታሰማ ጸለየች፤ እርሱ ሰማት። በሮሜ 8 ሐዋርያው ጳውሎስ እንዴት መጸለይ እንዳለብን በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ራሱ በቃል በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ያስተምረናል። በኢየሱስ ክርስቶስ ደም ወደ አብ የሚያስገባው በር ተከፍቷል። ቃናህን እስክታስተካክል አትጠብቅ። እንዳለህ ሆነህ ተጣራ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ አይተን ያለፍናቸውን ሁሉ ይቅር በለን። የሚሰማ ጆሮ፣ የሚታገሥ ልብ ስጠን። በቤታችንና በጉባኤያችን ውስጥ በዝምታ የሚጣሩትን አንተ ሰምተሃቸዋል፤ እኛም እንድንሰማቸው አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።